የዐሥራ አንድ ሰዓቱ ሠራተኛ

ቡራዩ ላይ ማለዳ አንድ ሰዓት ሲሆን አስፋልት ዳር ቆመው ሥራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። አካፋ የያዘ አለ፤ የግንበኛ ዕቃውን በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለለ አለ፤ ባዶ እጁን የቆመም አለ። ፒክአፕ ወይም አይሱዙ ሲቆም ይከቡታል። ፎርማኑ በጣቱ እየጠቆመ ይመርጣል፤ ትከሻው ሰፋ ያለው ጎረምሳ ቀድሞ ይጫናል። ሦስት ሰዓት ላይ ሰዉ ይሳሳል። ስድስት ሰዓት ላይ የቀሩት ዕድሜያቸው የገፋና ከበሽታ የተነሡ ናቸው። ከዚያ በኋላም የማይሄድ ሰው ካለ፣ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ሳይሆን ባዶ እጁን ቤት መግባት ጨንቆት ነው።

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ስለ እነዚህ ሰዎች ነው። ሌላው ዓለም ምሳሌውን ሲያነብ ሰዓቱን መቀየር አለበት፤ እኛ ግን የምንቆጥረው ወንጌሉ በሚቆጥርበት ሰዓት ነው። ባለ ወይኑ ማልዶ ወጥቶ በቀን አንድ ዲናር ተስማምቶ ሠራተኞች ይቀጥራል። በሦስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ይወጣል። በዐሥራ አንድ ሰዓትም ይወጣና የቆሙትን ለምን ሥራ ፈታችሁ ይላቸዋል፤ የቀጠረን የለም ይሉታል። ሲመሽ ክፍያው ከኋለኞቹ ይጀምራል፤ አንድ ሰዓት የሠራውም፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የበላውም እኩል አንድ ዲናር ይቀበላሉ። ቀድመው የገቡት ያጉረመርማሉ። ማጉረምረማቸውን ለመረዳት መጽሐፍ መማር አያስፈልግም፤ ቡራዩ አስፋልት ዳር የቆመ ማንም ሰው በእነሱ ቦታ ቢሆን ያጉረመርማል። ባለቤቱ ግን የተስማሙበትን አላጎደለም። ያደረገው ነገር ቢኖር የመጨረሻውን ሰው ልጆች ጭምር ማየቱ ነው፤ አንድ ዲናር የአንድ ቀን የቤተ ሰብ ቀለብ ነበርና።

ይህ የጸጋ ምሳሌ ነው፤ ከዚህ የጠራ በአዲስ ኪዳን ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን እዚያው አዲስ ኪዳን ውስጥ፣ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5፣ የቀን ሠራተኞች እንደገና ይመጣሉ። እዚህ ያጨዱበት ደመወዝ ተይዞባቸዋል፤ ያልተከፈለው ገንዘብ ራሱ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ጌታ ጆሮ ይደርሳል። አንዱ ጽሑፍ ላልሠራው ይከፍላል፤ ሌላው የሠራውን የከለከለ ሰው ፍርድ ይጠብቀዋል ይላል። ክርስቲያኖች ጸጋና ሥራ እያሉ ሁለት ሺህ ዓመት የተነጋገሩበትን ጉዳይ ከእነዚህ ሠራተኞች መጀመር እመርጣለሁ፤ በረቂቅ ቃል ሲጀመር ሁለቱ ወገኖች ቶሎ ይጣላሉና።

መጣላታቸውን ደግሞ እናውቀዋለን። ሰበታን የመሳሰሉ የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ቤተ ሰብ የተደባለቀባቸው ናቸው። እናት በየወሩ በ16 የኪዳነ ምሕረትን ማኅበር ትጠጣለች፤ ልጅ እሑድ ጠዋት ጊታሩን ይዞ ወደ ወንጌላውያን ጸሎት ቤት ይሄዳል። በዐቢይ ጾም ማዕዱ ሁለት ይሆናል። በሰበታም በሱሉልታም እንዲህ ያለ ንግግር ያልተሰማበት ሰፈር ማግኘት አዳጋች ነው፦

«እማዬ፣ ጌታ መስቀል ላይ ሁሉንም ጨርሶታል እኮ። በጾም በስግደት የምትጨምሪበት ነገር የለም።»

«እሱማ ጨርሷል፤ ደግ አባት ነው። አንተስ? ደጁ ድረስ ተሸክሞ እንዲያስገባህ ነው የምትጠብቀው?»

ልጁ ኤፌሶን 2፥8ን በቃሉ ያውቃል። እናቱ ቁጥሩን ባትጠራም ሥራ የሌለው እምነት የሞተ መሆኑን ቄሱ ሲናገሩ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታለች፤ ያዕቆብ 2 ነው። ልጁ የእናቱን ሃይማኖት ሰማይን በሻማና በዳቦ መግዛት አድርጎ ያየዋል። እናቱ የልጇን ሃይማኖት አምኛለሁ ብሎ እንደ ልብ መኖር አድርጋ ታየዋለች። ይህ ምዕራፍ የሚለው ሁለቱም ተሳስተዋል ነው። የሚወዷቸው ጥቅሶች ግን አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት አንዳቸው የሌላውን ቤት ባለማየታቸው ነው። በእናት ቤት ያለው ትልቁ ተረክ የጸጋ ተረክ ነው። የልጁም ቤተ ክርስቲያን ሰማዕቱን የገበረችው በሥራ ጉዳይ ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ጳውሎስና ያዕቆብ ከማን ጋር ይነጋገሩ እንደነበር ማየት አለብን።

ጳውሎስ ገላትያ ላይ የገጠመው ሰነፍ ክርስቲያን አልነበረም። ከአሕዛብ ወገን የመጡ ሰዎች ክርስቶስን አምነዋል፣ ተጠምቀዋል። ከዚያ ሌሎች አስተማሪዎች መጥተው ካልተገረዛችሁ ሙሉ አይደላችሁም አሏቸው። ለጳውሎስ ይህ የቤቱን መግቢያ መልሶ መዝጋት ነበር። በክርስቶስ የተከፈተ በር በሰው ሥጋ ላይ በሚደረግ ምልክት ዳግም ከተቆለፈ፣ ክርስቶስ በከንቱ ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ ክርክሩን ወደ አብርሃም ወሰደው። ዘፍጥረት 15 ላይ አብርሃም አመነና ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረለት። የተገረዘው በምዕራፍ 17 ነው፤ ዕድሜው ያኔ 99 ነበር። እስማኤል ሲወለድ ደግሞ 86 ዓመቱ ነበር፣ የምዕራፍ 15 ነገር ከዚያም ይቀድማል። እንግዲህ አብርሃም ጻድቅ በተባለበትና በተገረዘበት መካከል ቢያንስ 13 ዓመት አለ። በሮሜ 4 ጳውሎስ የሚቆመው በእነዚያ ዓመታት ላይ ነው፦ ያልተገረዘው አብርሃም ጻድቅ ነበር፣ ስለዚህ ያልተገረዙትም ልጆቹ ናቸው።

ይህን ክርክር ከአንድ ኢትዮጵያዊ ንጉሥ በላይ በሥራ ላይ ያዋለ ሰው ብዙ አላውቅም። ዐፄ ገላውዴዎስ ከግራኝ ጦርነት በኋላ ሀገሩን ገና ሲጠግን፣ ከአውሮፓ የመጡ ኢየሱሳውያን ኢትዮጵያውያን ይገረዛሉ፣ ቅዳሜን ያከብራሉ፣ አሳማ አይበሉም፤ ስለዚህ የአይሁድን ሕግ ይከተላሉ ብለው ከሰሱ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1555 የእምነት መግለጫ ጽፎ መለሰ። ግርዛታችን ሕግን ፈጽመን ለመጽደቅ አይደለም፣ የሀገር ልማድ ነው አለ፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት ላይ እንደሚደረገው ጠባሳ ያለ ነው ብሎ አነጻጸረው። መገረዝም አለመገረዝም ምንም እንዳልሆነ የጳውሎስን ነገር ጠቀሰ። ቅዳሜንም እንደ አይሁድ እንደማያከብር ጨምሮ አስረዳ፤ በዚያ ቀን ቁርባን ይቀርባል፣ ማዕድ ይዘጋጃል አለ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ተከሳሹ ሥራውን አልተወም፤ ከሥራው ላይ የመዳን ዋጋ የሚለውን መለያ ግን አነሣው። ጳውሎስ ከገላትያ ሰዎች የፈለገው ይኸንኑ ነበር።

ያዕቆብ የሚያናግረው ሌላ ጉባኤ ነው። በዚህ ጉባኤ ውስጥ ስለ ግርዛት የሚጨቃጨቅ የለም። ወርቅ ቀለበት ያደረገ ሰው ሲገባ የክብር ወንበር ይሰጠዋል፤ የቆሸሸ ልብስ የለበሰ ድሃ ሲገባ እዚያ ቁም ይባላል። ወንድም ራቁቱን ሆኖ፣ የዕለት ምግብ አጥቶ ሲመጣ ከአማኞቹ አንዱ በሰላም ሂድ፣ ሙቅ፣ ጥገብ ብሎ ያሰናብተዋል። ያዕቆብ 2ን በሐምሌ ወር፣ ከእንጦጦ ወዲያ ወርዶ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ማንበብ ነው። የሱሉልታ የክረምት ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ዝናቡ ከደጋው ነፋስ ጋር ሲመጣ ነጠላ የለበሰች እናት በላስቲክ ተጠቅልላ ሱቅ በረንዳ ላይ ትቆማለች። እግዚአብሔር ያሙቅሽ ብሎ ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ግልጽ ይሆናል። ያዕቆብ እንዲህ ያለውን እምነት ከአጋንንት እምነት ጋር አስተካከለው፤ እነሱም አንድ አምላክ እንዳለ ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጣሉም። ጳውሎስ ከበር ውጭ ለቆሙት ሲከራከር፣ ያዕቆብ ገብተው ከተቀመጡት ጋር ይሟገታል።

ያዕቆብም አብርሃምን ይጠራል፤ የሚጠራው ግን ዘፍጥረት 22ን ነው፣ ይስሐቅ መሠዊያ ላይ የተኛበትን። የዚያን ቀን የታየው እምነት የተቆጠረው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ጳውሎስ ስለ መጀመሪያው ቀን ሲናገር ያዕቆብ ስለ ኋላኛው ይናገራል፤ አብርሃም ግን አንድ ሰው ነው።

ማርቲን ሉተር ይህን አንድነት ለማየት ተቸግሯል። እ.ኤ.አ. በ1522 ባሳተመው የአዲስ ኪዳን ትርጉም መቅድም ላይ የያዕቆብን መልእክት ከጳውሎስ መልእክቶች ጋር ሲያነጻጽር ገለባ አድርጎ ቆጠረው፤ በኋለኞቹ እትሞች ግን ያንን አባባል አወጣው። ሉተርን የምናውቀው በአውሮፓ ታሪክ ብቻ ነው ብለን እንዳናስብ፣ በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ አነጋግሮት ነበር። ሉተር የኢትዮጵያው ዲያቆን ሥርዓት ከእነሱ ቢለይም በእምነት እንደሚስማሙ የሚመሰክር ደብዳቤ ጽፎለታል። ያ ዲያቆን የመጣበት ቤተ ክርስቲያን የሚጾም፣ የሚሰግድ፣ ተዝካር የሚያወጣ ነው። ሰበታ ላይ እናትና ልጅ ሲከራከሩ፣ ይህ ግንኙነት በእውነት ተደርጎ እንደነበር ቢያውቁ ብዬ እመኛለሁ።

አሁን ወደ እናትየዋ ቤት እንግባ። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ነው። የበላዔ ሰብእ ታሪክ የማያውቅ ኦርቶዶክሳዊ የለም፤ በተአምረ ማርያም የተጻፈ ነው። በኋላ በላዔ ሰብእ የተባለው ስምዖን እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ፣ ደግ ባለጸጋ ነበር። ሰይጣን በሥላሴ አምሳል እንግዳ ሆኖ መጣና ልጁን እንዲያርድ ጠየቀው፤ አረደ፣ ከሥጋውም ቀመሰ። ከዚያ በኋላ አመሉ ተለወጠ፣ ሰው በላ ሆነ፤ ቤተ ሰቡን ጨምሮ 78 ሰው በላ። አንድ ቀን በውኃ ጥም የሚቃጠል ደዌ የጠናበት ድሃ አገኘ። ድሃው በእግዚአብሔር ስም፣ በቅዱሳን ስም ለመነው፤ በላዔ ሰብእ አልሰማም። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ልቡ ራራና ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት ነፍሱ ለሚዛን ቀረበች። 78 ሰው በአንድ ወገን፣ ጥርኝ ውኃ በሌላው ወገን። ውኃው አልመዘነም። እመቤታችን ጥላዋን ስታጠላበት ግን ሚዛኑ አጋደለ።

ይህን ተረክ ሥራ ያድናል ለማለት የሚጠቅሱት አሉ፤ የሚነቅፉትም የሚነቅፉት በዚሁ ነው። ሁለቱም ወገን ሚዛኑን በደንብ ቢያዩት ደስ ይለኛል። ሰባ ስምንት ሰው በጥርኝ ውኃ አይተካም፤ ተረኩም ይተካል አላለም፣ በግልጽ አልመዘነም ነው ያለው። ሰውየው ለዓመታት ያከማቸው የእንግዳ ተቀባይነት ጽድቅም አንድ የሰይጣን ፈተና ሲመጣ አልያዘውም፤ ሚዛን ላይ እንኳ አልተቀመጠም። ሚዛኑን ያጋደለው ከሰውየው ውጭ የመጣ ምሕረት ነው። ውኃው ከንቱ ነበር ግን አይባልም። ምሕረቱ የሚያርፍበት ቦታ ሆነ፤ ማቴዎስ 10፥42 ለትንሹ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ የሰጠ ዋጋው አይጠፋበትም እንደሚለው። የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ጋ በሌሊት ከሚሰለፉ ሕሙማን መካከል ሥራዬ ያድነኛል ብሎ የመጣ ቢኖር ጥቂት ነው። ብዙዎቹ የሚመጡት ሥራቸው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ወንጌላዊው ልጅ እዚህ ላይ የሚያነሣው ጥያቄ አለው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው፦ ሚዛኑን ማጋደል የክርስቶስ እንጂ የእናቱ የማርያም ነው ወይ? ይህ የአማላጅነት ጉዳይ እውነተኛ ልዩነት ነው፤ በአንድ ምዕራፍ አይታረቅም። ነገር ግን ክርክሩ ማን ይምራል የሚለው ከሆነ፣ በምሕረት መዳን ላይ ሁለቱ ቀድመው ተስማምተዋል ማለት ነው።

የስቅለት ዓርብም ይህንኑ ይናገራል። በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከማለዳ ጀምሮ ይሰገዳል፤ ጉልበት ያላቸው መቶዎችን ይቆጥራሉ፣ አሮጊቶች ግንባራቸውን መሬት እያስነኩ ያልጎመጉማሉ። ሲመሽ ምእመኑ በካህኑ ፊት ተራ ይዞ ይቆማል፤ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን እየጠበጠበ ስግደት ያዝዘዋል። በዓመቱ ከባዱ የሥጋ ሥራ የሚሠራው በዚያ ቀን ነው። በዚያው ቀን የሚነበበው ደግሞ በቀኙ ስለ ተሰቀለው ወንበዴ ነው፦ አንድም ቀን አልጾመም፣ አንድም ቀን አልሰገደም፣ እጁና እግሩ ተቸንክሯል፤ አስበኝ ብሎ ብቻ ገነት ገባ። ሰጋጆቹ ይህን ሲሰሙ የተታለሉ አይመስላቸውም፤ ያለቅሳሉ። የማቴዎስ 20 ቀዳሚ ሠራተኞች ያጉረመረሙበትን ነገር እነሱ በደስታ ይቀበሉታል። ስግደታቸው ክፍያ ቢሆን ኖሮ ያ ወንበዴ ያስቆጣቸው ነበር።

ወደ ልጁ ቤት ስንሻገር የምናገኘው ቄስ ጉዲና ቱምሳን ነው። ጉዲና በ1929 እ.ኤ.አ. ወለጋ፣ ቦጂ ተወለዱ። ያደጉበት የወንጌል ባህል የሉተራን ነው፤ በስዊድን ሚስዮናውያንና መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን አናሲሞስ ነሲብን በመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን እጅ የመጣ። በጸጋ ብቻ፣ በእምነት ብቻ የሚለው ትምህርት የዚህ ባህል ማዕከል ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1959 እ.ኤ.አ. ስትቋቋም ይህንኑ ይዛ ነው። ጉዲና በ1966 እ.ኤ.አ. ዋና ጸሐፊዋ ሆኑ።

በ1972 እ.ኤ.አ. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው የሚጠይቀው ገንዘብ ነው፤ ክርክሩ ግን ሥነ መለኮት ነው። የምዕራብ ለጋሾች ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለእርሻ ፕሮጀክት በቀላሉ ይሰጡ ነበር፤ ወንጌል ለመስበክና ሰባኪ ለማሠልጠን ግን እጃቸው ይሰበሰብ ነበር። ጉዲናና ባልደረቦቻቸው ይህ ክፍፍል የእናንተ እንጂ የእኛ አይደለም አሉ። ሰው አንድ ነው፤ ሥጋውንና ነፍሱን ለሁለት ባጀት መክፈል አይቻልም። አስተውሉ፤ ደብዳቤው ሥራን በመቃወም አልተጻፈም። ሥራ ከጸጋው ሲነጠል ምን እንደሚሆን ያሳሰባት ቤተ ክርስቲያን ናት የጻፈችው፤ እንዲሁም ስብከት ከሥራው ሲነጠል። የሉተር ልጆች በያዕቆብ መንፈስ ለሉተር ልጆች ሲጽፉ ማየት ለእኔ እጅግ የሚያምር ነገር ነው።

ቀጥሎ የመጣው የደርግ ዘመን ይህን በወረቀት አላስቀረውም። ጉዲና ታሰሩ፣ ተፈቱ፤ ከሀገር የመውጣት ዕድል ሲቀርብላቸው መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ዑራኤል ካለችው የመካነ ኢየሱስ ጉባኤ አገልግለው ሲወጡ ተጠለፉ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ለዓመታት ታሰሩ። በዚያው 1971 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በደርግ እጅ ተገድለዋል። የእናትየዋ ቤት አባትና የልጁ ቤት አባት በአንድ ክረምት ወቅት፣ በአንድ መንግሥት እጅ ወደቁ። የሁለቱም አስከሬን የት እንዳለ የታወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ማቴዎስ 25ን ከዚህ በኋላ ማንበብ ይቀላል። ፍርዱ በሥራ ነው፤ ይህን ማለዘብ አይቻልም። ተርቤ አብልታችሁኛል፣ እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል ይባላል። ግን በቀኝ የቆሙት ይደነግጣሉ፤ መቼ አየንህ ይላሉ። የሠሩትን አልመዘገቡም፣ ለማስላትም አልሠሩም። በግራ የቆሙትም መቼ አየንህ ይላሉ። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢዋ በደረሰው ጥቃት የተፈናቀሉ ሰዎች በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ሲጠለሉ፣ የከተማው ሰው እንጀራና ብርድ ልብስ ተሸክሞ ጎረፈ። በር ላይ ሃይማኖት የጠየቀ አልነበረም። ማቴዎስ 25 የሚናገርለት ሰው እንዲህ ያለ ነው። ሰበታ ባለው የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ገዳም እናቶች ወላጅ ያጡ ልጆችን ሲያሳድጉ፣ ቡራዩ ገፈርሳ ባለው የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ነርሶች ቤተ ሰብ የረሳውን ሰው ሲያጥቡ፣ በነጋታው ያደረጉትን ቢጠየቁ ሥራዬ ነው ከማለት ሌላ የሚመልሱ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ ልዩነት የለም ማለት አይደለም። ተዝካር ለሞተው ነፍስ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ልዩነት ነው። ጾም ግዴታ ነው ወይስ ፈቃድ የሚለውም እንዲሁ። ኦርቶዶክሳዊው መዳንን እንደ ረጅም መንገድ ያስበዋል፤ ጥምቀትና ቁርባን፣ ንስሓና ምጽዋት ሁሉ መንገዱ ውስጥ ናቸው። ወንጌላዊው ዳንኩ ብሎ ቀኑን ይጠራል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1999 አውግስቡርግ ላይ የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽንና የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ጽድቅ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል፤ ሰው በራሱ ሥራ ሳይሆን በጸጋ ብቻ ጻድቅ እንደሚባል፣ ያው ጸጋ ግን ለመልካም ሥራ እንደሚያስነሣው ተስማሙ። መካነ ኢየሱስ የዚህ ፌዴሬሽን አባል ናት። በእኛ ሀገር በኦርቶዶክስና በወንጌላውያን መካከል እንዲህ ያለ ፊርማ የለም። መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የሚጀምረውም ከሊቃውንት ጉባኤ በፊት በየቤቱ ነው፤ ልጅ የእናቱን ጥርኝ ውኃ፣ እናትም የልጇን ጉዲና ሲያውቁ።

ጳውሎስና ያዕቆብ ራሳቸው ተገናኝተዋል፤ ከአንድ ጊዜ በላይ። ገላትያ 2 ላይ ጳውሎስ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ያዕቆብ፣ ኬፋና ዮሐንስ ቀኝ እጃቸውን እንደሰጡት ይናገራል። ከስምምነቱ ጋር የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ድሆችን እንዲያስብ፤ እርሱም ይህን ለማድረግ ተግቻለሁ አለ። በጸጋ መዳንን በቁጣ የተሟገተበት ደብዳቤ ውስጥ ያለ ቃል ኪዳን ነው ይህ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በመቄዶንያና በአካይያ እየዞረ ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ ሰበሰበ፤ ራሳቸው ድሆች የነበሩት መቄዶንያውያን ከአቅማቸው በላይ እንደሰጡ በሁለተኛ ቆሮንቶስ 8 ይመሰክራል። የሐዋርያት ሥራ 21 ላይ ገንዘቡን ይዞ ኢየሩሳሌም ሲደርስ ያዕቆብና ሽማግሌዎቹ ተቀበሉት። ጳውሎስ ሕግን ይሽራል የሚል ወሬ ስለ ነበረ፣ ስእለት ካለባቸው አራት ሰዎች ጋር እንዲነጻና ወጪያቸውን እንዲሸፍን ጠየቁት። ጳውሎስ ስለ ጸጋ የጻፈውን አልሰረዘም፤ በነጋታው ግን ሰዎቹን ይዞ ቤተ መቅደስ ገባ። የመንጻቱ ሰባት ቀን ሊሞላ ሲል ሕዝቡ ያዘውና ሊገድለው ደበደበው። በኋላ በቂሣርያ አገረ ገዢው ፊት ለምን ወደ ኢየሩሳሌም እንደመጣ ሲናገር፣ ለሕዝቤ ምጽዋት ላመጣ ነው ብሎ መለሰ።